ቀይ እስክሪብቶህን ይዘህ ና

ነቀምቴ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ቤታቸው በኦሮምኛ ይቆጣሉ፣ በኦሮምኛ ይታረቃሉ፤ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ እኔ ክፍል ይገቡና አርባ ደቂቃ አማርኛ ይናገራሉ። ደወሉ ሲደወል አማርኛውን ዴስኩ ላይ ትተውት ይወጣሉ። አልቀየማቸውም። እኔም ለብዙ ጊዜ ኦሮምኛዬን የማወጣው ገበያ ስሄድ ብቻ ነበር፤ ያውም ሽንኩርት ሲወደድ።

ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን ሰዋስው እንደ ሃይማኖት የያዝኩ ሰው ነበርኩ። ቀይ እስክሪብቶ በደርዘን እገዛለሁ። ከስህተቶች ሁሉ ደግሞ አንዱ ያቃጥለኝ ነበር። ተማሪው «መታኝ» ማለት ሲገባው «እኔን መታ» ብሎ ይጽፋል። «ጠራችህ» በማለት ፈንታ «አንተን ጠራች»። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በአማርኛ የተመታው ሰው ግሱ ጀርባ ላይ ይታዘላል፤ አንዲት «ኝ» ወይም አንዲት «ህ» ሆኖ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። በኦሮምኛ ግን ራሱን ችሎ ከግሱ ፊት ይቆማል። ልጆቹ አማርኛ ሲናገሩም ከፊት ያቆሙታል፣ ከዚያ ማዘሉን ይረሱታል። እኔ ግማሽ ማርክ እቀንሳለሁ። በዓመት የቀነስኩት ግማሽ ማርክ ቢደመር አንድ ክፍል ተማሪ ያሳልፋል።

ባለቤቴን ያገኘኋት በዚሁ ስህተት ነው። የዲጋ ልጅ ናት፣ እኛ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። አንድ ቀን አስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ጠራኋትና በሩ ላይ ቆማ «እኔን ጠራህ?» አለችኝ።

«ጠራኸኝ ነው የሚባለው» አልኳት።

«ታዲያ ጠራህ ወይስ አልጠራህም?»

ለምን እንደጠራኋት ረሳሁት። እስከዛሬም አልመጣልኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ አረምኳት። እሷ ነገሩን መጠናናት ነው ብላ እንደወሰደችው ኋላ ነገረችኝ። እኔም ሌላ ዓይነት መጠናናት አልችልም ነበር። እንጋባ ስላት «አባቴ እሺ ካሉ እሺ ነው» አለች። አባቷ እምቢ ካሉስ ስላት «እምቢ ካሉማ እምቢ ነው» አለች። ባዮሎጂም እንዲሁ ነው የምታስተምረው፣ ነገር አታበዛም። እኔ ግን ፈራሁ። ይህችን ልጅ ካጣሁ ነቀምቴ አልቀመጥም፣ ዝውውር እጠይቃለሁ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ማመልከቻውን እንኳ በልቤ ጽፌ፣ ስህተቱን ለቅሜ ጨርሻለሁ።

ሽማግሌ የሚሆነኝ ዘመድ አጠገቤ የለም። ስለዚህ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቤት ያከራዩኝን ሰውዬ ለመንኩ። አያታቸው ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ነቀምቴ ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚሳደቡ ሰው ናቸው። ሁለት ጓደኞቻቸውን ጨመሩና ሦስት ሆኑ። አባቷ ዘንድ ደውለው እንመጣለን ሲሉ ከወዲያ የተመለሰው መልስ አጭር ነበር።

«የልጁ ወገን የት ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ወገኑ ሩቅ ከሆነ ራሱ ይቅረባ። አፍ አለው አይደል?»

በወጉ ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው ልጅ አብሮ አይሄድም። እኔ ግን ወገን የሌለው ተብዬ በራሴ አፍ እንድጠይቅ ተፈረደብኝ። ልጅቷ ዓረፍተ ነገሩን አስተማረችኝ፦ «ኢንተለ ኬሰን ናፍ ኬና።» ልጃችሁን ስጡኝ። አራት ቃል ናት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቡርቃ ጃቶ እስከ ባኬ ጃማ በእግሬ እየሄድኩ ደገምኳት። ባጃጅ ነጂዎች ጸሎት የማደርግ መስሏቸው ጥሩምባ ሳይነፉ ያልፉኝ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ዲጋ ሄድን። በር ላይ ቆመን «አከም ቡልተን» አልን፤ በደህና አድረዋል ወይ መሆኑ ነው። «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ተባልን፣ ግቡ ተባልን፣ ተቀመጡ ተባልን። ጠረጴዛው ላይ የተከደኑ ሳህኖች ነበሩ፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርበው የወለጋ ሥራሥር፣ የአንጮቴ ሽታ ይመጣል። ሽማግሌ ግን ጉዳዩ ሳያልቅ አይቀምስም። አባቷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እኔን አዩና «እሺ በርሲሳ» አሉ። በርሲሳ አስተማሪ ማለት ነው።

ተነሳሁ። «ኢንተለ ኬሰን ነ ኬና» አልኩ።

አከራዬ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ኤኙፍ?» አሉ አባቷ። ለማን?

ጥፋቱ የአማርኛዬ ነው። በአማርኛ «መቱኝ» ብትልም «ስጡኝ» ብትልም ያቺው አንዲት «ኝ» ትበቃለች፣ ዱላውንም ስጦታውንም እሷው ትቀበላለች። በኦሮምኛ ለዱላው «ነ» ነው፣ ለስጦታው «ናፍ»። እኔ በዚያ ጭንቀት «ናፍ»ን ትቼ «ነ» አልኩ። ልጃችሁን ለእኔ ስጡ ሳይሆን፣ ልጃችሁ፣ እኔን ስጡ ነው ያልኩት። ሰዋስው ላይ አድራጊውን ባለቤት፣ የሚደረግበትን ተሳቢ እንለዋለን። ባለቤት ፍለጋ ዲጋ ድረስ ሄጄ ራሴን ተሳቢ አድርጌ ተመለስኩ።

አባቷ አልሳቁም። «እስኪ የሚወስድህ ሰው ካለ እንጠይቃለን» አሉ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ።»

ሳህኖቹ እንደተከደኑ ወጣን። በመንገድ ላይ አከራዬ ለሚኒባሱ ሙሉ ተሳፋሪ ነገሩት። አንዲት ቅቤ ነጋዴ አየችኝና «እኔ እወስደው ነበር፣ ግን ክስት ያለ ነው» አለች።

በሁለተኛው ጉዞ አልተሳሳትኩም። «ናፍ»ን እንደ ሎተሪ ቁጥር ይዤ ገብቼ አንዲት ፊደል ሳልጥል ጠየቅሁ። አከራዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። አባቷ ለእኔ ክብር ብለው ወደ አማርኛ ተመለሱ። እኔ በእሳቸው ቋንቋ ስለጠየቅሁ እሳቸው በእኔ ሊመልሱልኝ ነው።

«እኛም ተማክረናል» አሉ። «አንተን አይተናል። ልጃችንን ለአንተ ሰጠን...»

«ሰጠንህ» አልኩ።

አፌ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። በዚያ ሳምንት ስልሳ ወረቀት አርሜ ነበር፤ ስልሳው ላይም ያቺው ስህተት አለች። ጆሮዬ «ለአንተ ሰጠን» ሲሰማ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴ ገባ፤ እጄ ሳይወጣ አፌ ቀደመ። ለሁለት ዓመት የተመኘሁትን ዓረፍተ ነገር፣ ሰውየው እየተናገሩት፣ መሀል ላይ አቋርጬ አረምኩት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አፋፉ ላይ ቆሜ አባቷን አየኋቸው። አልተቆጡም። ጃኬታቸውን አስተካከሉና በዝግታ መናገር ጀመሩ።

«አንደኛ ክፍል ነበርኩ» አሉ። «አንድ ልጅ በድንጋይ መታኝ፣ አፍንጫዬ ደማ። ወደ አስተማሪው ሄጄ 'እኔን መታ' አልኩት። 'መታኝ በል' አለኝ። ሌላ አላውቅም፣ ደግሜ 'እኔን መታ' አልኩት። በአርጩሜ መታኝ። ያኔ 'መታኝ' አልኩ። 'አሁን ገባህ' አለኝ። ልጁን ግን ምንም አላለውም።»

አባቷ ተነስተው እጃቸውን ሰጡን፣ በየተራ ጨበጡን፣ እኔንም ጨበጡኝ። የአንጮቴው ሽታ እስከ በር ሸኘን።

ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንደኛው ሽማግሌ «ሰጡ እኮ፣ 'ሰጠን' ብለዋል፣ ቃል ወጥቷል» አሉ። ሌላው «አልጨረሱም፣ አቋረጣቸው፣ አራት ነጥብ አልተቀመጠም» አሉ። አከራዬ ወደ እኔ ዞረው «አንተ የሰዋስው ሰው፣ ፍረድ እንጂ» አሉኝ። መፍረድ አልቻልኩም። የሰውየው ወሬ በጆሮዬ እየተመላለሰ ነበር። መታኝ፣ አልኩት፣ አለኝ፣ አላለውም። ያንን ሁሉ ሲናገሩ አንዲት ፊደል አላጎደሉም። ሁሉንም በየቦታው አዝለውታል። ይህ የገባኝ መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ ሲገባኝ ከሚኒባሱ ብወርድ ደስ ባለኝ።

ሰኞ ዕለት እሷ በአማርኛ ማናገሯን ተወች። በኦሮምኛ ሰላም ትለኛለች፣ በኦሮምኛ ታልፈኛለች። በኦሮምኛ የማርማት ነገር የለኝም፤ ግማሹን አልሰማውም። ሐሙስ ዕለት አላስቻለኝም፣ ቤተ ሙከራው በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ምልክት የተለጠፈባቸውን ጠርሙሶች እየደረደረች ሰማችኝና በመጨረሻ በአማርኛ መለሰችልኝ።

«አባቴ ሠላሳ ዓመት የወረዳ መዝገብ ቤት ሠርተዋል» አለች። «በአማርኛ ደብዳቤ ሲጽፉ ነው የኖሩት። 'ሰጠንህ' ማለት የማያውቁ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን...»

«ልጃቸውን በደብዳቤ ቋንቋ አይሰጡማ።»

እሷ ቀጠለች፦ «እኔን ስታርም ዝም ያልኩት ደስ ስለሚለኝ ነው። አባቴን ግን ማን እረም አለህ? ደግሞ አሁን 'እኔን' ብያለሁ። እረመኝ።»

አላረምኳትም። ያላረምኳት የመጀመሪያ ቀን ያ ነው። በዚያ ሳምንት የተማሪ ደብተር ይዤ ተቀምጬ አንድም መስመር ሳላሰምር ቀኑ ይመሽ ነበር። «ልጁ እኔን መታ» የሚል ባየሁ ቁጥር ማን እንደመታው መጠየቅ ያምረኝ ጀመር። ለስንት ልጅ ግማሽ ማርክ ቀንሼ፣ ማን እንደመታው ሳልጠይቅ አልፌያለሁ። አፈርኩ። ያፈርኩት ደግሞ በአባቷ ፊት ሳይሆን በእነዚያ ደብተሮች ፊት ነው።

አሥር ቀን አለፈ። አከራዬ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው የክፍሌን በር አንኳኩ።

«ቅዳሜ ኑ ብለዋል» አሉኝ።

«ሌላስ ምን አሉ?»

«አንተን ቀይ እስክሪብቶህን ይዘህ ና ብለውሃል።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ምናልባት የሞት ፍርድ በቀይ ይሆናል የሚፈረመው።» ከዚያ ቆጣ ብለው ጨመሩ፦ «ስማ፣ ለሦስተኛ ጊዜ የምወስድህ አፍህን ከዘጋህ ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም።»

ቅዳሜ መናኸሪያ ስንደርስ ከሱቅ ከረሜላ ገዙና አፌ ውስጥ እንድከተው አዘዙኝ። ዲጋ እስክንደርስ ሁለት ጨረስኩ። በር ላይ ስንቆም ሦስተኛውን ሰጡኝ። «አከም ቡልተን» ስል ከረሜላው ጥርሴ ላይ ጮኸ።

ቤቱ እንደ በፊቱ ነው። ሳህኖቹ ተከድነዋል። እሷ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ በወጉ መታየት አልነበረባትም፣ ግን ቆማለች። አባቷ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ መንገዱ አወሩ፣ ከአከራዬ ጋር የጋራ የሚያውቁትን አንድ ሟች አነሱ። ከዚያ ከሸሚዛቸው ኪስ ለአራት የታጠፈ ባለመስመር ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«እስክሪብቶው አለ?» አሉኝ በአማርኛ።

አወጣሁ።

«እረም።»

ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጽሕፈቱ የድሮ መዝገብ ቤት ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የፊደሉ እግር ሁሉ እኩል የወረደ።

*ልጃችንን ለአንተ ሰጠን።*

አራት ነጥቡ ሳይቀር አለበት። ባለፈው ጊዜ አቋርጬ ያስቀረሁት ዓረፍተ ነገር፣ ሳይጎድልና ሳይጨመርበት፣ ተጽፎ ፊቴ ተቀምጧል።

ሽማግሌዎቹ እስክሪብቶውን ያያሉ፣ እሷ እኔን ታያለች። መስመሩን አንዴ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። በእኔ ደንብ ግማሽ ማርክ ያስቀንሳል። የጎደለውም አንድ ነገር ነው፣ ያም እኔ ነኝ፤ ግሱ ጀርባ ላይ የለሁም። ግን ከፊት ቆሜያለሁ። «ለአንተ» ብለው፣ በአገራቸው ወግ፣ ራሴን አስችለው ከፊት አቁመውኛል። ከዚያ በላይ ምን እንዲሉኝ ነው የምፈልገው? ከመስመሩ ጫፍ ላይ በቀይ የልክ ምልክት አደረግሁ።

አባቷ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አዩት።

«ፈርተህ ነው ወይስ አምነህበት?»

«ሁለቱም» አልኩ። ከረሜላውን ውጬው ነበር።

«ተማሪዎችህንም እንዲህ ነው የምታርም?»

«እስካሁን አይደለም።»

«እንግዲህ ስህተት አለበት» አሉ። እጃቸውን ዘረጉና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። በ«ሰጠን» እና በአራት ነጥቡ መካከል የነበረው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲጽፍ የኖረ እጅ ግን ጠባብ ቦታ አይቸግረውም። አንዲት ቀይ «ህ» አስገቡበት። ከዚያ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ በመሥሪያ ቤት ድምፅ ሳይሆን በቤታቸው ድምፅ፣ ለሁላችንም አነበቡት።

«ልጃችንን ለአንተ ሰጠንህ።»

ወደ ጓዳው ዞረው በኦሮምኛ ሳህኖቹ እንዲከፈቱ አዘዙ። አንጮቴው ቀዝቅዞ ነበር። እየበላሁ አለቀስኩ፣ አከራዬም ሚጥሚጣው ነው ብለው ለቤቱ ሰው አስረዱልኝ።

ወረቀቱ አሁን እኛ ቤት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬታችን ባለበት ፖስታ ውስጥ ነው። ያስተማርኩት አማርኛ እንደሚለው «ሰጠንህ» ብቻውን ይበቃል፤ «ለአንተ» ትርፍ ነው፣ መሰረዝ አለበት። ተማሪ ቢጽፈው ድሮ እሰርዘው ነበር። ይህንን አልሰረዝኩም። ወገን የለውም ተብዬ በገባሁበት ቤት፣ አንድ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ አለሁ።